ብሪጅ ፕሮግራም ምንድን ነው? ከኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳትነት ወደ ቴራፒስትነት የሚያሸጋግረው ትምህርት

በአሜሪካ የጤና ሙያ ትምህርት ውስጥ ብሪጅ ፕሮግራም የሚባለው፣ በረዳትነት ደረጃ ሠልጥኖ ፈቃድ ያወጣ ሰው ቀድሞ የተማረውና የሠራው ታስቦለት ወደ ሙሉ ባለሙያነት እንዲያድግ የሚያስችለው መርሐ ግብር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በኦኩፔሽናል ቴራፒ ዘርፍ ያለውን ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ገደማ ተምሮ፣ በምኅጻር ኦቲኤ የሚባለውን የረዳትነት ሙያ የያዘ ሰው በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ተምሮ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚሆንበት መንገድ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒ በስትሮክ፣ በአደጋ፣ በእርጅና ወይም አብሮት በተወለደ ችግር ምክንያት የዕለት ተዕለት ኑሮውን ማከናወን ያቃተው ሰው መልበሱን፣ መታጠቡን፣ ማብሰሉን፣ ትምህርቱንና ሥራውን በተቻለ መጠን በራሱ እንዲወጣ የሚያግዝ ሙያ ነው።

በነርሲንግ ሆምና በሆስፒታል ማገገሚያ ክፍሎች ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን «ቴራፒ ክፍል ነኝ» ሲሉ የሚይዙት ደረጃ የተለያየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል። ዕቃ የሚያዘጋጀውና ታካሚውን በዊልቸር የሚያመላልሰው ኤይድ በአብዛኛው ሥራውን እዚያው የሚለምድ ሠራተኛ ነው። ኦቲኤው ግን ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት ተምሮ፣ 16 ሳምንት የተግባር ልምምድ አድርጎ፣ ብሔራዊ ፈተና አልፎ፣ ከሚሠራበት ስቴት ላይሰንስ ያወጣ ባለሙያ ነው፤ ብሪጁም የተዘረጋው ለእሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ፣ አሥር ዓመት በታማኝነት የሠራ ኦቲኤ ለምን በልምዱ ብቻ ቴራፒስት ሊሆን እንደማይችል ነው። መልሱ ሕጋዊ ነው። ቴራፒስቱም ሆነ ረዳቱ የሚሠሩት በስቴት ላይሰንስ ሲሆን፣ በአሜሪካ ተምሮ ለቴራፒስትነት ፈተና ለመቀመጥ በዘርፉ ዕውቅና ሰጪ አካል በኤኮቴ የጸደቀ የቴራፒስትነት ዲግሪ መያዝ ግዴታ ነው። ቀደም ሲል ባችለር ዲግሪ ይበቃ ነበር፤ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ከባችለር በላይ የሆነ ትምህርት ይጠየቃል። ከ2027 ጀምሮ መግቢያው ዶክትሬት ብቻ እንዲሆን በ2017 ተወስኖ የነበረ ቢሆንም፣ በ2019 ማስተርሱም ዶክትሬቱም ሁለቱም መግቢያ ሆነው እንዲቀጥሉ ተደርጓል። ዛሬም «ማስተርስ ሊቀር ነው» የሚል ወሬ የሚሰማ ሰው ይህን ቢያውቅ ሳይቸኩል ይመርጣል።

ከሕጉ በስተ ጀርባ ያለው ምክንያት ግን ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ነው። በሜሪላንድ በሚገኝ አንድ የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ፣ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያደከመባቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት አሉ እንበል። ምን ማድረግ መቻል እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ፣ ቡናቸውን አፍልተው ለእንግዳ ማቅረብ እንደሆነ ይናገራሉ። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለው መልስ የሕክምናው መነሻ ነው። ቡና ማፍላት ተነጣጥሎ ሲታይ፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሚዛን መጠበቅን፣ የሚቆላውን ቡና እያገላበጡ መልኩንና ሽታውን መከታተልን፣ ስሜቱ የቀነሰ እጅን ከእሳት መጠበቅን፣ ጀበናውን አንሥቶ ትከሻን አጽንቶ በማዘንበል ወደ ሲኒው ሳያፈሱ መቅዳትን፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለውን ቅደም ተከተል መያዝን ይጠይቃል። እኚህ እናት መቅዳት ያቃታቸው ጡንቻቸው ስለደከመ ሊሆን ይችላል፤ እጃቸው የያዘው ነገር ስለማይሰማውም ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻው እያለ አእምሯቸው እንቅስቃሴውን ማቀናበር ስለተሳነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ሲኒ ስለማይታያቸው፣ ወይም ከሕመሙ በኋላ የመጣው የመንፈስ ጭንቀት መሞከሩን እንኳ ስላስጠላቸው ሊሆን ይችላል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት መፍሰስ ነው፤ ሕክምናው ግን በእያንዳንዱ ምክንያት የተለያየ ነው።

ምክንያቱን የመለየቱ፣ ግቡን የማስቀመጡ፣ የሕክምና ዕቅዱን የመጻፉና ታካሚው መቼ እንደሚሰናበት የመወሰኑ ኃላፊነት የቴራፒስቱ ነው። ኦቲኤው በዚያ ዕቅድ መሠረት ያሠለጥናል፣ ዘዴውን ከታካሚው አቅም ጋር ያስማማል፣ የሚያየውን ለውጥ መዝግቦ ለቴራፒስቱ ያሳውቃል፤ በምዘናው ውስጥም የተወሰነ ድርሻ ይኖረዋል፤ ይሁን እንጂ የሚሠራው በቴራፒስት ቁጥጥር ሥር ነው። በእኔ እምነት፣ ከታካሚው ጋር ብዙውን ሰዓት የሚያሳልፈው ኦቲኤ ስለሆነ፣ ጥሩ ኦቲኤ አንዳንድ ጊዜ ከዕቅዱ ጸሐፊ ይበልጥ ታካሚውን ያውቃል። የድኅረ ምረቃው ትምህርት የሚጨምርለትም የእጅ ሥራውን አይደለም፤ ያየውን ነገር ለምን እንደሆነ የሚያስረዳበትንና የሚወስንበትን ዕውቀት ነው። የነርቭ ሳይንስ፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ጥናት፣ የምርምር ጽሑፎችን መርምሮ ማንበብ፣ እንዲሁም ጋሪ ኪልሆፍነር በ1980 ከባልደረባቸው ጋር እንዳስተዋወቁት ያሉ፣ የሰውን ፈቃድ፣ ልማድ፣ ችሎታና አካባቢ አንድ ላይ የሚያዩ ንድፈ ሐሳቦች የሚገቡት በዚህ ምክንያት ነው።

የምዘና ዕውቀት ለእኛ ማኅበረሰብ ያለውን ክብደት ማንሣት ያስፈልጋል። ሞካ የተባለው የማስታወስና የማሰብ ችሎታ መመዘኛ ከ30 ነጥብ የሚታሰብ ሲሆን፣ ሰዓትና ኪዩብ መሣልን ይጨምራል፤ ትምህርቱ ከ12 ዓመት ላልበለጠ ሰው የሚጨመረውም አንድ ነጥብ ብቻ ነው። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት በዚህ ሲመዘኑ፣ ውጤታቸው የሚያሳየው አለመማራቸውን ይሁን ወይስ የአእምሯቸውን መጎዳት ለመለየት ያዳግታል። ላልተማሩ ሰዎች የተዘጋጀ ሞካ ቤዚክ የሚባል ሌላ መመዘኛ አለ። የትኛው መመዘኛ ለማን እንደሚስማማ መምረጥ፣ ውጤቱንም ከሰውየው ሕይወት ጋር አገናዝቦ መተርጎም የቴራፒስቱ ሥራ ነው። አማርኛ የሚናገር ኦቲኤ ወደዚህ ወንበር እንዲደርስ አጥብቄ የምመኘው ስለዚህ ነው፤ እናቶቻችን ሲመዘኑ ጥያቄውን የሚመርጥላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ወደ ብሪጁ ለመግባት የሚጠየቀው እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ብዙዎቹ በማንኛውም ዘርፍ የተገኘ ባችለር ዲግሪ፣ የኦቲኤ ላይሰንስ፣ 3.0 ገደማ የሆነ አማካይ ውጤትና ቅድመ ሁኔታ የሆኑ ኮርሶችን ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህም መካከል ከነላቦራቶሪው የሚወሰድ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የሰው ልጅ ዕድገት ሳይኮሎጂና የአእምሮ መታወክ ሳይኮሎጂ ይገኛሉ። ከተወሰኑ ዓመታት በፊት የተወሰደ የሳይንስ ኮርስ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። አንዳንዶች ደግሞ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ብቻ የያዘውን ተቀብለው ባችለሩንና ማስተርሱን አያይዘው ያስተምራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በክሬዲት ዝውውር ነው፤ የኦቲኤ ዲግሪ ለሥራ ተብሎ የተቀረጸ በመሆኑ ሁሉም ኮርሶቹ ወደ ባችለር ይሻገራሉ ብሎ መተማመን አይቻልም።

ከአገር ቤት ባችለር ዲግሪ ይዞ መጥቶ፣ በኋላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ኦቲኤ የሆነ ሰው ግን የተሻለ ዕድል አለው። የአዲስ አበባ ወይም የሌላ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አያያዝ ወይም የእርሻ ዲግሪው እንደ ደብልዩኢኤስ ባለ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተመዝኖ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ከተባለለት፣ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው ቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹን ማሟላት ብቻ ነው። ዲግሪውን «እዚህ አይሠራም» ብሎ ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አውጥቶ ያስገምግመው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦኩፔሽናል ቴራፒ እራሱን የተማረ ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የሚሄደው በብሪጅ ሳይሆን፣ ፈተናውን የሚያስተዳድረው ኤንቢኮት ከአሜሪካ ውጭ ለሠለጠኑ ቴራፒስቶች ባዘጋጀው የብቁነት ማጣሪያ በኩል ነው።

ትምህርቱ ሠራተኛን ታሳቢ ስለሚያደርግ በብዙ ቦታ የሚሰጠው ቅዳሜና እሑድ ወይም ከፊሉ በኢንተርኔት ነው፤ በኦሃዮ ያለው የፊንድሌይ ዩኒቨርሲቲ በቅዳሜና እሑድ ብሪጁ ይታወቃል። እንዲህ ያለው አደረጃጀት ግን አንዱን ነገር አያሳጥርም፤ እሱም የተግባር ልምምዱ ነው። ለቴራፒስትነት ቢያንስ 24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ ልምምድ ይጠየቃል፤ ኦቲኤ ሆኖ ያደረገው 16 ሳምንትም ሆነ የሥራ ዓመታቱ በዚህ ምትክ አይቆጠሩም። ዶክትሬት የመረጠ ሰው በዚህ ላይ የ14 ሳምንት ማጠቃለያ ልምምድ ይጨምራል። ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ቤተሰብ ለሚያስተዳድርና አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው ዋናው ፈተና ይህ ነው። ስለዚህ ለክፍያው ብቻ ሳይሆን ገቢ ለሚቋረጥባቸው ለእነዚያ ወራት መቆጠብ ያለበት ከመመዝገቡ በፊት ነው። ልምምዱን ከሳምንቱ ቢያንስ ግማሹን እየሠሩ በረዘመ ጊዜ ማጠናቀቅን የኤኮቴ ደንብ አይከለክልም፤ ትምህርት ቤቱ ይህን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከምረቃ በኋላ የቴራፒስትነቱ ፈተና ይከተላል፤ ማለፊያው ከ300 እስከ 600 በሚዘረጋ መለኪያ 450 ነው። ላይሰንሱ ወይም ስቴቱ የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ያለው ሥልጣን የረዳትነቱ ነው፤ ተመርቄያለሁ ብሎ ብቻ ምዘና መፈረም አይፈቀድም።

በገንዘብ ረገድ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ባወጣው መረጃ የቴራፒስት መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ ወደ 96 ሺህ ዶላር፣ የኦቲኤ ደግሞ ወደ 67 ሺህ ዶላር ነበር። ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ በዋነኛነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር፣ በክፍል ቢ (የተመላላሽ ሕክምናን በሚሸፍነው ክፍሉ) ሥር ኦቲኤ ለሚሰጠው አገልግሎት የሚከፍለው ከመደበኛው 85 በመቶውን በመሆኑ ልዩነቱ የአሠሪዎችን ውሳኔም ይነካል። በሌላ በኩል ከሐምሌ 2026 ወዲህ ለአዲስ ተበዳሪዎች ግራድ ፕላስ የተባለው የፌዴራል ብድር እንዲቀር በ2025 በሕግ ተደንግጓል፤ ለመደበኛ የድኅረ ምረቃ ተማሪም የፌዴራል ብድር ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ሆኗል። ይህ ባለበት ሁኔታ፣ ማስተማር ወይም ምርምር ለማይፈልግ ሰው ማስተርሱ የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል፤ ፈተናውም፣ ላይሰንሱም፣ ታካሚ ፊት ያለው ሥልጣንም ለሁለቱም አንድ ነውና። ከየትኛውም ውሳኔ በፊት ግን የትምህርት ቤቱ ስም በኤኮቴ ዝርዝር ውስጥ፣ በረዳት ደረጃ ሳይሆን በቴራፒስት ደረጃ ዕውቅና አግኝቶ መስፈሩን ማረጋገጥ ግድ ይላል፤ ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው ለፈተናው መቀመጥ አይችልም።