ቦዩ ለጠላት ብቻ ነው? ስለ ስሪ ክሴትራ የሚሳሳቱ ሰዎችና እውነታው

በምያንማር፣ ፕዬ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ የጥንታዊቷ ከተማ የስሪ ክሴትራ ፍርስራሽ ይገኛል። የገነቧት ቡድሂስቶቹ የፕዩ ሕዝቦች ናቸው። ዙሪያዋን የጡብ ግንብና ሰፊ የውኃ ቦይ ከቧታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከሌሎቹ የፕዩ ከተሞች ከሃሊንና ከቤይክታኖ ጋር በዩኔስኮ ተመዘገበች፤ ለምያንማር የመጀመሪያው የዓለም ቅርስ ነው።

«ቦዩ የተቆፈረው ለጦርነት ነው።» ፎቶውን ሳይ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። መከላከያ አልነበረም ማለት አይቻልም፤ በሮቹ ጋ ግንቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ለጌጥ አይመስልም። ግን የፕዩ ከተሞች የቆሙት ዝናብ በሚያንስበት የኢራዋዲ ተፋሰስ ነው። ቦዩ፣ ኩሬውና ግድቡ ተያይዘው ውኃ ያጠራቅሙና ያከፋፍሉ ነበር። ያለዚያ ሩዝ የለም፤ ሩዝ ከሌለ ደግሞ ከተማም የለም።

«ግንቡ ውስጥ ቤት በቤት ነበር።» ኧረ አይደለም። ከ1,000 ሄክታር በላይ በሆነው ግቢ ውስጥ እርሻ፣ ኩሬና ገዳም ጎን ለጎን ነበሩ። ዛሬም ገበሬዎች እዚያው ያርሳሉ።

«የምያንማር ቡድሂዝም ከባጋን ጀመረ።» የጥንቷ የበርማዎች ዋና ከተማ የባጋን ታላላቅ ቤተ መቅደሶች የ11ኛው መቶ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ናቸው። የስሪ ክሴትራው ባውባውጂ ስቱፓ (ቅዱስ አጽም የሚቀመጥበት የቡድሂስቶች ሐውልት)፣ 46 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጡብ ግንባታ፣ ከእነዚያ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል።

«የፕዩ ጽሑፍ ጨርሶ አይነበብም።» ሙሉ በሙሉ ባይፈታም መንገዱ ተከፍቷል። ባጋን አካባቢ የተገኘው የ12ኛው መቶ ዘመን የሚያዜዲ ድንጋይ አንድን ነገር በአራት ቋንቋዎች፣ በፓሊ (የቡድሂስት ቅዱሳት ጽሑፎች ቋንቋ)፣ በሞን፣ በጥንታዊ በርማና በፕዩ ይናገራል። ሊቃውንቱ በሚያውቋቸው ቋንቋዎች እየተመሩ ፕዩውን መፍታት ጀመሩ። ድንጋዩ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ ከተሞቹ ከወደቁ በኋላም ቋንቋው ይጻፍ ነበር። ሕዝቡ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ቀስ በቀስ ከበርማዎቹ ጋር ተቀላቀለ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የወርቁ መጽሐፍ ነው። «መጽሐፍ ከሆነ ሊነበብ ነው የተጻፈው» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1926 በስሪ ክሴትራ ኪን ባ የሚባለው ጉብታ፣ የፈረሰ ስቱፓ፣ ሲቆፈር፣ ከውስጡ የታሸገ የጡብ ክፍል ወጣ። በዘንባባ ቅጠል መጽሐፍ አምሳል የተሠሩ 20 የወርቅ ገጾች በወርቅ ሽቦ ታስረው ተገኙ፤ የፓሊ ቅዱሳት ጽሑፎች ተቀርጸውባቸዋል። የቡድሃ ቃል እንደ ቅዱስ አጽም ተቆጥሮ ነው ስቱፓው ውስጥ የተቀበረው። ማንም እንዲገልጠው አልታሰበም።