ዘፈን የወለደው ስላቅ፦ የለንደን የሕትመት ሥዕሎች በሮማንቲክ ዘመን

ከ1780ዎቹ እስከ 1820ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በለንደን በንጉሥና በሚኒስትር ላይ በሥዕል መቀለድ ደህና ንግድ ነበር። ሠዓሊው ምስሉን መዳብ ላይ ይጭራል፣ አሲድ መስመሩን ይበላዋል፣ ከታተመ በኋላ ቀለሙ በእጅ ይቀባል። ባለቀለሙ ብዙ ጊዜ 2 ሺሊንግ ያወጣል። ለተርታው ሰው ውድ ነው። የሱቁን መስኮት ማየት ግን በነጻ ነው።

ከእነዚህ ሥዕሎች ብዙዎቹ የተነሱት ሰፈሩ ሁሉ ከሚዘፍነው ዘፈን ነው። ዜማው ከታወቀ ቀልዱን ማስረዳት አያስፈልግም። አንዳንዱ ሥዕል የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ይዋሳል። ሌላው ከሥሩ አዲስ ግጥም ይጨምርና በየትኛው ዜማ እንደሚዘፈን ይነግራል። መንገዱን ቀድሞ ያሳየው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርዝ ነው። በፈረንሳይ ወደብ ካሌ የከተማዋን በር ሲስል በሰላይነት ተጠርጥሮ ተያዘ። አገሩ ገብቶ በፈረንሳዮች ላይ የሚያሾፍ ሥዕል ሠራ፤ ርዕሱን የወሰደው የእንግሊዝን የበሬ ጥብስ ከሚያወድስ ዘፈን ነበር።

በጣም የሚከብደው ግን የጄምስ ጊልሬይ ሥራ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጥር 1793 አንገቱ ተቀላ፤ ሥዕሉ በየካቲት ወጣ። አንድ ሱሪ የሌለው አብዮተኛ የመንገድ ፋኖስ ላይ ተቀምጦ ቫዮሊን ይጫወታል። እግሩን የተሰቀለ ጳጳስ ጭንቅላት ላይ አሳርፏል። ከታች ጊሎቲን፣ የአንገት መቅያው መሣሪያ፣ ቆሟል። ኮፍያው ላይ «ሳ ኢራ» ይላል፤ መኳንንቱን ፋኖስ ላይ ስቀሉ የሚለው የአብዮቱ ዘፈን ነው። ጊልሬይ የዘፈኑን ስንኝ ቃል በቃል ነው የሳለው። ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ሎሪና ዊትል የተባሉት የፍሊት ስትሪት አሳታሚዎች ቀለል ያለውን መረጡ፤ ከላይ አስቂኝ ሥዕል፣ ከሥር የዘፈን ግጥም። ፖለቲካ ብዙም የለበትም።

በነሐሴ 1819 ማንቸስተር ላይ ፈረሰኞች ሰልፈኛውን ጨፈጨፉ። ያኔ ጸሐፊና አሳታሚው ዊልያም ሆን እና ሠዓሊው ጆርጅ ክሩክሻንክ ስንኙ እየተደራረበ የሚሄድ አንድ የልጆች ግጥም ወስደው መንግሥትን ወረዱበት። ግጥሙ እንኳ ዘፈን አይባልም፤ ግን ልጅ አዋቂው በቃሉ ይወጣዋል። ሥዕሎቹ በእንጨት ስለተቀረጹ ከፊደሉ ጋር አብረው ታተሙ፤ መጽሐፉም በገፍ ተሸጠ። በሰኔ 1820 ቤተ መንግሥቱ ለክሩክሻንክ 100 ፓውንድ ሰጠ፤ ንጉሡን ነውረኛ አድርጎ እንዳይስል። ብሩን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ከሆን ጋር ሆኖ የንጉሡን የተበላሸ ትዳር ደረጃ በደረጃ ሳለው።