ዐውድ-ጠገብ ንግግር ምንድን ነው?

ገላን አካባቢ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ለአራት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ከከተማ የሚመጣው ሰርቪስ የሚይዘኝ ከሁሉም መጨረሻ ነበር። አንድ ማለዳ ከሰርቪሱ ስወርድ ሌሊት ለማሽኖቹ የታመቀ አየር የሚሰጠውን ኮምፕሬሰር የሚጠብቁት ሰው ቢሮ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሺፍታቸው ካለቀ አንድ ሰዓት አልፏል። ካፖርታቸውን ደርበው የምርት ኃላፊውን ይጠብቃሉ። ኃላፊው ከጀርመን የመጣ ሰው ነው።

አብረን ገባን። ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። ስለ ጤናው ጠየቁት፤ ስለ ቤተሰቡም ጠየቁት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ያቺ ኮምፕሬሰር ትንሽ ድምፅ ጀማምሯታል። ለማንኛውም እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ትንሽ ድምፅ አላት፤ እንዲያውቁት ነው። ኃላፊው አመሰገነና «ቅዳሜ ጥገና ስላለ ያኔ ይታያል» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ጋሼ «እሺ» ብለው ወጡ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ሌሊት ኩሽኔታው ተሰባብሮ ኮምፕሬሰሩ ቀጥ አለ። በአየር የሚሠራው ማሽን ሁሉ አብሮ ቆመ። ሁለት ቀን ሥራ አልነበረም። ኃላፊው «ይህን ያህል መሆኑን ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለ። ጋሼ ደግሞ «ነግሬያቸው የለም እንዴ!» አሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

በሁለቱ መሃል ምን እንደጠፋ ለማስረዳት የሚጠቅም አንድ ሐሳብ አለ። ኤድዋርድ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ በስፋት ያብራራው ነው። ሰው ሲነጋገር መልእክቱ በሁለት ቦታ ይቀመጣል ይላል። ከፊሉ በቃሉ ውስጥ ነው። ከፊሉ በቃሉ ዙሪያ ነው፤ ማን ተናገረው፣ ለማን፣ መቼ፣ የት ሆኖ፣ በምን ዓይነት ድምፅ፣ ምን ሳይል ቀረ። ይህ ዙሪያው ዐውድ ይባላል። በአንዳንድ ማኅበረሰብ አብዛኛው መልእክት ዐውዱ ውስጥ ያድራል፤ ቃሉ ትንሽ ነው፣ ሰሚው ይሞላዋል። በሌላው ደግሞ ያልተባለ ነገር እንዳልታሰበ ይቆጠራል። ሆል ለፊተኛው ጃፓኖችን፣ ቻይናውያንንና ዐረቦችን፣ ለኋለኛው ጀርመኖችንና ስዊዞችን ይጠቅሳል።

በአማርኛ የጸና ስም ስላላገኘሁለት እኔ የመጀመሪያውን ዐውድ-ጠገብ፣ ሁለተኛውን ቃል-ጠገብ እለዋለሁ።

እስቲ የጋሼን ንግግር በእኛ ጆሮ እንስማው። ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሰው ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ደርሰውበት የማያውቁትን ቢሮ አንኳኩ። «ለማንኛውም» አሉ፤ እኛ «ለማንኛውም» የምንለው ነገሩ ሲያሰጋን ነው። «እንዲያውቁት ብዬ ነው» ሲሉ ከዚህ በኋላ ኃላፊነቱ ከእኔ ወርዷል ማለታቸው ነበር። «ትንሽ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ማሽኑን አትመለከትም። ለአለቃው ክብር የተነገረች ናት። አንድ የሌሊት ሠራተኛ ትልቁን ኃላፊ «ማሽኑ ሊሰበር ነው፣ አሁኑኑ አስጠፋው» ሊለው ይከብደዋል። ስለዚህ አደጋውን አሳንሰው አቀረቡለት፤ እሱ ራሱ እንዲያሳድገው። ይህ ሁሉ ዐውዱ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ያሻገርኩት ቃሉን ብቻ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህን ልማድ እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ። እኔ አልስማማም። ቅኔ ከሰሙ ስር ወርቁን ፈልቅቆ ማውጣትን ለዘመናት ሲያስተምር ኖሯል። ነገርን ሸፈን አድርጎ መናገር ጨዋነት፣ የተሸፈነውን መረዳት ደግሞ ብልህነት ተደርጎ የተቆጠረበት አገር ነው። ይሉኝታም አለ። የሰው ፊት እሳት ነው እንላለን። ሽማግሌ የተጣሉ ሰዎችን ሲያስታርቅ ጥፋተኛውን በስሙ ሳይጠራ ጥፋቱን ያሳየዋል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰሚው በዚያ ጥበብ ውስጥ ያላደገ ሲሆን ነው።

በዚያው ፋብሪካ ከሁሉም በላይ ያደናገረን «እሺ» ናት። አንድ ሰው «እሺ» ሲል ሰምቻለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እስማማለሁ ማለቱ ሊሆን ይችላል። አከብርሃለሁ፣ ግን አላደርገውም ማለቱም ሊሆን ይችላል። ወይም በቃ ይብቃን፣ ልሂድ። እኛ ከድምፁ እንለየዋለን። ኃላፊው ግን «እሺ»ን ሁሉ «አዎ፣ አደርገዋለሁ» ብሎ ይመዘግባል። አንዷን ሠራተኛ «ገባሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «እሺ» ትላለች፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሥራው እንደነበረ ያገኘዋል።

አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንላትም አለች። ኃላፊው በመጣ ሰሞን አንዲት ሠራተኛ እንዲህ ስትመልስለት ትንፋሽ ያጠራት መስሎት ውሃ አስመጣላት። አለቃ ሲናገር መሬት መሬት ማየትም እንዲሁ ነው። ለእኛ አክብሮት ነው። ለእሱ የምትደብቀው ነገር እንዳለ ይመስለዋል።

ከእሱ ወደ እኛ ሲመጣም ያማል። አንድ ቀን ኃላፊው የስፌት መስመሩ መሃል ቆሞ አንዷን «ይህ ስፌት ስህተት ነው፣ ፍቺውና ድገሚው» አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለእሱ ንግግሩ ስለ ስፌቱ ብቻ ነበር፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም። እሷ ግን የሰማችው ዐውዱን ነው፤ በጓደኞቿ ፊት፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ «አይዞሽ»። በማግስቱ አልመጣችም። ጎበዝ ልጅ ነበረች።

ነገሩ ከፋብሪካ ያለፈም ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 የኮሎምቢያው አቪያንካ የበረራ ቁጥር 52 ከቦጎታ ተነስቶ በሜደሊን በኩል ወደ ኒው ዮርክ እየበረረ ነበር። አየሩ መጥፎ ስለነበር ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነዳጁ ማለቅ ጀመረ። ረዳት አብራሪው ቅድሚያ እንዲሰጣቸው ጠየቀ፤ ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑንም ተናገረ። «አስቸኳይ አደጋ ላይ ነን» የሚለውን የተለመደ ቃል ግን አልተጠቀመም። ተቆጣጣሪዎቹ ቃሉን እንደተባለው ወሰዱት። አውሮፕላኑ ሎንግ አይላንድ ላይ ተከሰከሰ። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ካስቀመጧቸው ምክንያቶች አንዱ ሠራተኞቹ የነዳጁን አደጋ በግልጽ አለማሳወቃቸው ነው። የአየር ትራፊኩ አያያዝና የአየር መንገዱ አሠራርም ተወቅሷል፤ ሁሉን ባህል ላይ መጣል ልክ አይሆንም። ያም ሆኖ ያን ታሪክ ሳነብ የጋሼ «ትንሽ ድምፅ» ትዝ ትለኛለች።

ሁለቱም ወገን ዐውድ-ጠገብ ከሆነስ፣ ይግባባሉ? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። ከገላን ትንሽ አለፍ ብሎ ዱከም ላይ ቻይናውያን የገነቡት የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን አለ። ቻይናውያንም እንደኛ ለሰው ፊት ይጠነቀቃሉ። ሆኖም እዚያ የሚሠሩ ጓደኞቼ የሚነግሩኝ አለመግባባት ከእኛው አያንስም። ዐውድ አብሮ በመኖር የሚገኝ ነገር ነው። እነሱም ግማሹን ሳይናገሩ ይተዉታል፣ እኛም ግማሹን ሳንናገር እንተወዋለን፤ የቀረው ግማሽ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። እንዲያውም ሁለቱም «ተረድቶኛል» ብለው ስለሚለያዩ ስህተቱ ዘግይቶ ነው የሚታወቀው።

ደግሞ «ኢትዮጵያዊ እንዲህ ነው» ማለትም አይቻልም። የአፋርን ዳጉ፣ ማለትም ወሬ የመለዋወጥ ልማድ፣ ተመልከቱ። ቃሊቲና ገላን የሚያድሩ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ያውቁታል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ ነውር ነው። አረፍ ብለው ይጠያየቃሉ። ከየት መጣህ? ዝናቡስ? ግጦሹስ? መንገዱ ሰላም ነው? ማንን አየህ? በዓይን ያዩት ከሰሙት ተለይቶ ይነገራል። ሐሰት የነገረ ሰው ይጠየቅበታል። በበረሃ የሰውም የከብትም ሕይወት በወሬው ትክክለኛነት ላይ ስለሚቆም ነው። ከዚህ የተሻለ የሪፖርት ትምህርት ቤት አላውቅም። በእኛው ፋብሪካም የሰላሌው፣ የወላይታው፣ የጉራጌውና የአዲስ አበባው ልጅ አነጋገር አንድ አልነበረም። አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ሠራተኛ በአማርኛ ሲናገር ቃሉ ቁርጥ ያለ ሆኖ፣ አማርኛ ተናጋሪው ቁጣ መስሎት ሲቀየም አይቻለሁ። የሆል ሐሳብ መነጽር ነው፤ ሰውን በጎሣው መመደቢያ ሣጥን ሲሆን ይበላሻል።

ሪፖርት ላይ ስንደርስ ጉዳዩ ይከብዳል። ሪፖርት የሚያነበው ሰው በቦታው አልነበረም። ፊታችንን አያይም፤ ድምፃችንን አይሰማም። ዐውዱ በሙሉ ይቀራል፤ ወረቀቱ ብቻ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ስንጽፍ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምረን ቀስ እያልን መጨረሻ ላይ «ስለሆነም እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ላይ እንደርሳለን። የአማርኛው ዐረፍተ ነገርም ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ትዕግሥት ለምደናል። ቃል-ጠገቡ አንባቢ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመር አንብቦ ነው የሚወስነው። ዋናው ነገር አምስተኛው አንቀጽ ላይ ካለ አልተጻፈም ማለት ይቻላል።

ሰዓትና ቀን ራሳቸው ዐውድ ናቸው። «ስብሰባው 3 ሰዓት ላይ ነው» ስንል ጠዋት ነው፤ ፈረንጁ ግን ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ የእሱ 3 ሰዓት ለእኛ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። «የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት» ብለን የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን ስንልክ ፈረንጆቹ የጃንዋሪን፣ የፌብሩዋሪንና የማርችን ይጠብቃሉ። ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ስሙም አለ። በኢሜይል በአባትህ ስም «ሚስተር» ብለው ሲጠሩህ ቅር አይበልህ፤ የቤተሰብ ስም መስሏቸው ነው። አንድ ጊዜ አስረዳቸው፣ ያልፋል።

ከኮምፕሬሰሩ ጉዳይ በኋላ እኔ ትርጉሜን ቀየርኩ። የቃሉን ትርጉም እሰጥና «ይህ ሰው በእኛ ልማድ አሳሳቢ ነገር እየነገረህ ነው፤ ልጠይቀው?» እላለሁ። አንዳንድ አስተርጓሚ ከቃሉ መውጣት ነው ብሎ ይከራከረኛል። ለእኔ ግን ዐውዱን ጥሎ ቃሉን ማሻገር ግማሹን ማስቀረት ነው። ዋናው ነገር የራሴን ግምት ከተናጋሪው ቃል ለይቼ መናገሬ፣ ከዚያም ራሱን መጠየቄ ነው።

ኃላፊውም ተማረ። «ገባሽ?» ማለት ተወና «እንግዲህ አሁን ከምን ትጀምሪያለሽ?» ማለት ጀመረ። ለዚህ ጥያቄ «እሺ» መልስ አይሆንም። አብራሪዎች የመቆጣጠሪያ ማማውን መመሪያ ቃል በቃል መልሰው የሚያነቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ስህተት ሲያገኝም ሠራተኛዋን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ደህና የሠራችውን ጠቅሶ ነው የሚነግራት። በጀርመን ልማዱ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለው ነበር።

ለጋሼ ደግሞ መዝገብ አዘጋጀንላቸው። አለቃ ፊት ቆሞ «ሊሰበር ነው» ማለት ይከብዳል፤ ለመዝገብ ግን ይሉኝታ የለበትም። ምን አየሁ፣ ስንት ሰዓት፣ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ካልተነካ ምን ይሆናል፣ ምን አደረግኩ። «ትንሽ» የሚለው ቃል እንዳይገባ ተስማማን፤ በምትኩ ቁጥር ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ ደስ አላላቸውም። «ማሽን አጥፍቼ ማን ልባል ነው?» አሉኝ። ኃላፊው እኔ ባለሁበት «አጥፍተው ቢሳሳቱ እንኳ አልጠይቅዎትም» ብሎ ፈረመላቸው። ይቺ ፊርማ ከመዝገቡም በላይ ሠርታለች ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት መዝገቡን ከፍቼ በእጅ ጽሑፋቸው ይህን አነበብኩ፦ «ሌሊት 9፡40፣ በፈረንጅ 3፡40። የዘይት ሙቀት 104 ዲግሪ። ማታ 91 ነበር። ከቀጠለ ኩሽኔታው ይሄዳል። አጥፍቼዋለሁ። መካኒኩ ሳያየው እንዳይነሳ።»