ሴሚ ሆሎው ጊታር ምንድን ነው? ከሆሎው በምን ይለያል?

ባለፈው እሁድ ከሰዓት አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃውን በሩጫ ስለወጣው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ጋሼ፣ አጎቴ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። ጊታር ልግዛልህ አለኝ። ከነዚህ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ይላሉ?»

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሁለቱም የኤፒፎን ናቸው፤ አንዱ ኢኤስ-335፣ ሌላው ካዚኖ። መንታ ይመስላሉ። ሁለቱም ሰፋ ብለው ሳሳ ያሉ ናቸው። ሁለቱም ደረታቸው ላይ ግራና ቀኝ የኤፍ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አላቸው። ልጁ «ያው አይደሉም እንዴ?» አለኝ። አይደሉም። የሚለያዩት ሆዳቸው ውስጥ ነው፤ 335 ሴሚ ሆሎው ነው፣ ካዚኖ ሆሎው።

እኛ አገር ሊድ ጊታር እያልን የምንጠራው አብዛኛው ድፍን ነው፤ አካሉ ወፍራም ሳንቃ ነው። ሆሎው ቦዲ የሚባለው ግን እንደ ቦክስ ጊታር ባዶ ሳጥን ሆኖ ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ይዞ ወደ አምፕሊፋየር የሚልከው) የተገጠመለት ነው። ሴሚ ሆሎው በሁለቱ መሃል ነው። ከላይ ሲያዩት ሳጥን ነው፤ ውስጡ ግን ከአንገቱ ስር ጀምሮ እስከ ታች የሚሄድ ድፍን እንጨት መሃሉን ሞልቶታል። ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበት ድልድይ፣ የሚተከለው እዚያ እንጨት ላይ ነው። ባዶ የሚሆኑት ግራና ቀኙ ብቻ ናቸው።

ይህ አንድ እንጨት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ብዙ።

ክራር የያዘ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። የክራር ድምፅ የሚወጣው ከአውታሩ ብቻ አይደለም። አውታሩ ሲመታ ጉልበቱን ለቆዳው ይሰጣል፣ ቆዳውና ገበቴው ያስተጋቡታል። ጉልበቱን ሰጥቶ ስለሚጨርስ ድምፁ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይወርዳል። ሆሎው ጊታርም እንደዚያ ነው። የፊት ገጹ ስስ ስለሆነ ከክሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ አየር ያለበት ነው፤ ግን አይቆይም። መሃሉ ላይ እንጨት ሲገባ ገጹ እንደልቡ መንቀጥቀጥ ያቅተዋል። ስለዚህ የክሩ ጉልበት ቶሎ አያልቅም፣ ድምፁም ረዘም ይላል።

እንግዲህ በእኔ ጆሮ ሲመዘን፦ ትዝታን እንደ ክራር ነጠብ ነጠብ እያደረገ ለሚጫወት ሰው ሆሎው ይጣፍጣል። ችክችካ ላይ ኮርድ ለሚመታም እንደዚሁ፤ ድምፁ ቶሎ ስለሚጠፋ ምቱ ጥርት ብሎ ይሰማል። አምባሰልን እንደ ማሲንቆ እየሳበ ማስረዘም ለሚፈልግ ግን ሴሚው ይሻላል። ይህ ጣዕም ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ሊላችሁ ይችላል።

ጣዕም ያልሆነው ፊድባክ ነው።

ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲደርስ የሚጮኸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሆሎው ጊታርም ያው በሽታ አለበት። ከአምፕሊፋየሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ የጊታሩን ገጽ ይመታዋል። ገጹ ክሩን ያንቀጠቅጠዋል። ፒክአፑ ያንን ይዞ መልሶ ወደ አምፕ ይልከዋል። ዙሩ እየከረረ ይሄድና ጊታሩ እጅ ሳይነካው ማጓራት ይጀምራል። የማይኩ ጩኸት ቀጭን ነው፤ የሆሎው ጊታር ግን ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፣ እንደ በሬ ነው የሚያገሳው።

ይህን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከዓመታት በፊት ወደ ሰንዳፋ መንገድ ላይ አንድ ሰርግ ነበረብን። ወፍራም ሆሎው ጊታር ተውሼ ሄድኩ፤ ቄንጡ አምሮኝ ነው እንጂ አያስፈልገኝም ነበር። ድንኳኑ ጠባብ፣ የራሳችንን ድምፅ የምንሰማበት ስፒከር እግሬ ስር፣ ድራመሩ ደግሞ ጎረምሳ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ድምፅ ጨመርኩ። ጊታሩ አገሳ። የሙሽራዋ አያት ጆሯቸውን ይዘው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እረፍት ላይ ካልሲዬን አውልቄ በቀዳዳው ጠቀጠቅኩት፣ ትንሽ ተሻለው። በአንድ እግር ካልሲ ሰርጉን ጨረስኩ።

በኋላ ሳነብ የብሉዝ ጊታሪስቱ ቢ ቢ ኪንግም ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፍ እንደነበር አገኘሁ። በፈረንጆቹ 1980 የአሜሪካው ጊታር አምራች ጊብሰን በ«ሉሲል» ስም ያወጣለት ጊታር ጭራሽ ቀዳዳ የለውም። ካልሲዬን ሳስታውስ የምጽናናው በዚህ ነው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረውም ከድምፅ ግፊያ ነው። በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የአሜሪካ ጃዝ ባንዶች ውስጥ ጊታር በትንፋሽ መሣሪያ ተውጦ አይሰማም ነበር። ጊብሰን በ1936 ኢኤስ-150ን አወጣ፤ ሆሎው ላይ ፒክአፕ ማለት ነው። ኢኤስ «ኤሌክትሪክ ስፓኒሽ» ለማለት ነው። ጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን በ1939 የጃዙ ቤኒ ጉድማን ባንድ ሲገባ ጊታር እንደ ሳክስፎን ከፊት ቆሞ መጫወት እንደሚችል አሳየ። ድምፅ ሲጨመር ግን ያው ማጓራት መጣ። በ1940 አካባቢ ሌስ ፖል የሚባል ጊታሪስት አንድ አራት ማዕዘን የጥድ እንጨት ላይ ክርና ፒክአፕ ገጠመ። ስሙንም «ግንድ» አለው። ግንድ አቅፎ መድረክ ላይ መውጣት ስለማያምር አንድ ጊታር ለሁለት ሰንጥቆ ግራና ቀኙን እንደ ክንፍ ለጠፈበት። ዛሬ ሴሚ ሆሎው የምንለው ሃሳብ ያን ጊዜ ነው ብቅ ያለው። የመጀመሪያው ኢኤስ-335 ከጊብሰን የወጣው በ1958 ነው። ካዚኖ ደግሞ በ1961፣ ያኔ የጊብሰን ከነበረው ከኤፒፎን፣ በዚያው መልክ ግን ያለ ግንዱ መጣ። ቢትልሶች ይዘውት የሚታዩት ይኸኛው ነው። መንታ የመሰሉን ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁለቱን በምን ትለዩአቸዋላችሁ? አንዱ ክብደት ነው። ካዚኖን የመሰለ ስስ ሆሎው 3 ኪሎ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ 335 ግን ከ3.5 ኪሎ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሌላው የእኔ ዘዴ ነው፣ ነጻ ነው። የስልክ መብራት አብሩና በአንዱ ቀዳዳ ወደ መሃል አብሩበት። ብርሃኑ በሌላኛው ቀዳዳ ከወጣ ሆሎው ነው። ግድግዳ ከገጠመው ሴሚ ነው። ከብሪጁ ስር ብቻ ትንሽ እንጨት ያላቸውም አሉ፤ እነሱ ላይ ብርሃኑ በጎን በጎኑ ሾልኮ ይወጣል።

ወፍራም ሆሎው የምትገዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የብዙዎቹ ብሪጅ በብሎን አልታሰረም፤ የክሩ ጫና ብቻ ነው የያዘው። ክር ስትቀይሩ ሁሉንም ባንዴ አትፍቱ። አንዱን ፍቱ፣ ቀይሩ፣ ከዚያ ቀጣዩን። አለበለዚያ ብሪጁ ይወድቅና ትክክለኛ ቦታውን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ቅኝቱ አንገቱ ጫፍ ላይ ልክ ሆኖ ጣታችሁ ወደ አካሉ ሲጠጋ ይሰበራል።

«ኮምፔርሳቶ ነው» ብለው የሚያጣጥሉ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። እውነት ነው፣ 335ም ካዚኖም ገጻቸው ከተደራረበ ስስ እንጨት ነው የሚሠራው። እኔ ግን እንደ ነውር አላየውም። የበጋው ደረቅ ንፋስ የሚሰነጥቀው ይልቁንም አንድ ወጥ የሆነውን ገጽ ነው። ለማንኛውም መስኮት ስር አታቁሙት።

የኛ ሰፈር ጉዳይም አለ። ማታ መብራት ሲሄድ ሆሎው ያለ አምፕ ለብቻችሁ የሚበቃ ድምፅ አለው፤ ቦክስ ጊታርን ባያህልም። ሴሚው ያንሳል፣ ግን ይሰማል። ድፍኑን ለመስማት ጆሯችሁን እንጨቱ ላይ መለጠፍ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚጫወት ሰው ሆሎው ብዬ ያለማመንታት እመክራለሁ። ከድራምና ከቤዝ ጋር ለሚቆም ግን ሴሚ።

ልጁን «ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» ስለው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ጋራዥ ውስጥ እንደሚለማመዱ ነገረኝ። ድራም አላቸው። «በቃ 335» አልኩት። ደስ ብሎት ወረደ።

ረቡዕ ማታ ደወለ። አጎቱ በዋጋ ተማርኮ ሌላ ያገለገለ ጊታር ገዝቷል፤ ሻጩ ሴሚ ነው ብሎታል። በቪዲዮ እያወሩ መብራቱን አስበርተውበታል።

«ጋሼ፣ ብርሃኑ በዚያኛው ቀዳዳ ወጣ። ምን ይሻለኛል?»

«ካልሲ አዘጋጅ» አልኩት።