የኤሌክትሪክ የበረዶ ኦገር ምንድን ነው?

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ እንግዳው ከጎንደር በተበተነ ሰሞን፣ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ፣ በቪዲዮ ደወለልኝ። የቆመው ሐይቅ ላይ ነው። ሐይቅ ዳር አይደለም፣ ሐይቁ ላይ። ከእግሩ ሥር በረዶ፣ ከበረዶው ሥር ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ዓሣ። «አጎቴ፣ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትበሳ የኖርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ከነዚህ የትኛውን ልግዛ?» አለኝና የሁለት መሣሪያ ፎቶ ላከልኝ። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ባለችው ወርክሾፔ እንጨትና ብረት ስበሳ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ በረዶ ግን በስቼ አላውቅም። ፎቶውን ከፍቼ ሳየው ግን መሣሪያው ባዕድ አልሆነብኝም። ስላነበብኩትም፣ እሱም እየሞከረ ስለነገረኝም፣ ብዙ ዘመዶቻችን በዚያ አገር ስላሉም ልጻፈው አልኩ።

ኦገር ማለት ትልቅ ፑንታ፣ ማለትም ትልቅ የመብሻ ጫፍ ነው። መሐሉ ዘንግ፣ ዘንጉ ዙሪያ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠቀለለ ብረት ወይም ፕላስቲክ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስለት። ስለቱ ልክ እንደ አናጢ መላጊያ በረዶውን እየላገ ይወርዳል፤ ጠመዝማዛው ፍቅፋቂውን ከጉድጓዱ እያወጣ ወደ ላይ ይጥላል። በእጅ የሚዞር አለ፣ በቤንዚን የሚሠራ አለ፣ በባትሪ የሚሠራም አለ። የኤሌክትሪክ ኦገር ሲባል ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላለ ሰው «ለምን ይበሳል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጎርጎራ የደረሰ ሰው በጥርም በሐምሌም የሚያገኘው ክፍት ውኃ፣ ታንኳና መረብ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ቢሆንም ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ በረዶ አይሠራም። በሚኒሶታ ያለው ሚል ላክስ የሚባል ሐይቅ በጥልቀት ከጣና ብዙም አይርቅም፤ ጣና እጅግ ጥልቅ የሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ሚል ላክስ 13 ሜትር ገደማ። ብርዱ ነው የሚለያቸው። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላዩ ላይም በረዶ ይሆናል። ከሥር ያለው 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቆይ ዓሣው የብርዱን ወራት በሕይወት ያልፋል። በረዶው ክዳን ነው፤ ኦገር ክዳኑ ላይ በር ይከፍታል።

አሁን ወደ ምርጫው። የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ስለ ቮልት ነበር። «አንዱ 40 ቮልት ነው፣ ሌላው 18፤ 40ው አይሻልም?» አለ። እኔ የመለስኩለት «ምን ያህል ሰፊ ጉድጓድ ነው የምትፈልገው?» ብዬ ነው። በሃያ ዓመት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ መጀመሪያ ቀዳዳውን ምረጥ፣ መሣሪያውን ቀዳዳው ይመርጥልሃል።

በዚያ አገር የኦገር ስፋት በኢንች ይነገራል። የተለመዱት 6፣ 8 እና 10 ኢንች ናቸው፤ ማለትም 15፣ 20 እና 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ክብ ነገር ግን ሁልጊዜ ያታልላል። ስፋቱ ትንሽ ሲጨምር ከውስጡ የሚወጣው እጅግ ይጨምራል። በረዶው 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው፣ ባለ 6 ኢንቹ 9 ሊትር ያህል በረዶ ማውጣት አለበት። ባለ 8 ኢንቹ 16 ሊትር። ባለ 10 ኢንቹ 25 ሊትር፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ማለት ነው። አሥር ቀዳዳ የሚበሳ ሰው አሥር ጀሪካን በረዶ በባትሪ ሊያወጣ ነው ወይስ ከአራት ጀሪካን በታች? ይህን ያሰበ ሰው ቮልቱን ለጊዜው ይረሳዋል።

ስፋቱን የሚወስነው ዓሣው ነው። ፐርችና ክራፒ የሚባሉት የኛን መካከለኛ ቀረሶ የሚያክሉ ናቸው፤ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል፤ ደህና የሚባል ዎልአይም በዚያው ያልፋል። ትልቅ ዎልአይና ፓይክ ለሚፈልግ 20 ይሻላል። 25ቱ ለሐይቅ ትራውትና ለግዙፍ ፓይክ ነው። ጣና ላይ ትልቅ አምባዛ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ያንን ጭንቅላት በጠባብ ቀዳዳ አወጣለሁ ማለት ዓሣውንም ገመዱንም ማጣት ነው። ወደ ላይም ገደብ አለ። በሚኒሶታ ሕግ የዓሣ ማጥመጃ ቀዳዳ ከተወሰነ ስፋት በላይ እንዲሰፋ አይፈቀድም። ልጃችን የሚያጠምደው ፐርችና ክራፒ ነው፣ ሐይቁ ላይም በእግሩ ነው የሚሄደው። «እንግዲያው 15 ይበቃሃል» አልኩት።

ቀዳዳው ከታወቀ በኋላ የሚመጣው ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፍጥነትና ጉልበትን ያምታታል። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ይዞራል የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሲይዘው በስንት ኃይል ይጠመዝዛል የሚለው ሌላ ነው። ሁለተኛው ቶርክ ይባላል፣ በኒውተን ሜትር ይለካል። ሊማሊሞን የሚወጣ የጭነት አይሱዙ አስቡ። ሾፌሩ ማርሹን ዝቅ የሚያደርገው ፍጥነት ጠልቶ አይደለም፤ ፍጥነቱን ሰጥቶ ጉልበት እየገዛ ነው። ኦገርም እንዲሁ ነው። ትልቅ ስለት በረዶ ውስጥ ነክሶ ሲይዝ የሚያስፈልገው ቀስ ያለ ጠንካራ ዙር ነው። ስለዚህ ኦገሩን በተራ የባትሪ ድሪል ላይ የሚገጥም ሰው ድሪሉን አንደኛው ማርሽ ላይ ያድርግ፣ ኮንክሪት የሚመታበትን ሐመር ያጥፋ፣ የብሎን ማጥበቂያውን ቀለበትም የፑንታ ምልክት ላይ ያድርግ። ለ15 ሴንቲ ሜትር ኦገር 80 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሰጥ፣ ካርቦን የሌለው (ብራሽለስ የሚባለው) ሞተር ያለው ድሪል ጥሩ ነው። ካርቦን የሌለው የምለው ከልምድ ነው፦ ካርቦን ያለው ሞተር በጭነት ሲሠራ ሲግልና ሲሸት በየቀኑ አየዋለሁ።

ሁለቱ ፎቶዎች ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ራሱን የቻለ ኦገር ነው፤ ሞተሩ፣ ማርሹ፣ ሁለቱ እጀታና ባትሪው አብረው የተሠሩለት ነው። ሌላው ኦገሩ ብቻ ነው፤ ድሪሉን ራስህ ታመጣለህ። ራሱን የቻለው ለሰፊ ቀዳዳና ለወፍራም በረዶ ነው፤ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 11 ኪሎ ይመዝናሉ። በድሪል የሚሠራው በጣም ቀላል ነው፣ ዋጋውም ያንሳል፣ ድሪሉ በረዶው ሲያልፍ ሌላ ሥራ ይሠራል። ልጃችን ጥሩ ድሪል አስቀድሞ ነበረው። ያን እያለው ለሌላ ሞተር ገንዘብ ማውጣቱ አልታየኝም።

የድሪሉ አደጋ የእጅ አንጓ ላይ ነው፣ ይህን በራሴ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት የዋንዛ ሳንቃ በአንድ እጄ ስበሳ ፑንታው የእንጨቱን አንጓ አገኘና ቀጥ አለ። ፑንታው ሲቆም ድሪሉ ዞረ፣ ድሪሉን ይዞ የነበረው እጄም አብሮ ዞረ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ አሳሽቼው እንኳ ሁለት ሳምንት መዶሻ ማንሳት አልቻልኩም። ያ ፑንታ የጣት ውፍረት አልነበረውም። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ስለት ድንገት ሲነክስ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ስለዚህ የጎን እጀታው የግድ ነው፣ ረጅም ከሆነ ደግሞ የበለጠ። ሁለት እጅ፣ እግር ከፈት፣ መጫን ሳያስፈልግ። ስለቱ ስል ከሆነ በራሱ ይወርዳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ድሪሉ የያዘው ኦገር ድንገት ከአፉ ቢለቅ ቀዳዳው ከሥሩ ክፍት ነው፤ ሐይቅ ወለል ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ብለው ከቀዳዳው የሚሰፋ ክብ ሳህን በድሪሉና በኦገሩ መካከል ይገጥማሉ። አንዳንዱ ኦገር ደግሞ በውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከሁለቱ አንዱም የሌለውን አትግዛ አልኩት።

ባትሪው ብዙ ማውራት የሚፈልግ ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቮልት ብቻውን ምንም አይነግርም። እንዲያውም «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠውና «18 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው አንድ ባትሪ ነው። ውስጡ በተርታ የተያያዙ አምስት የሊቲየም ሴሎች አሉ፤ ሙሉ ሲሆኑ 20፣ በሥራ ላይ 18 ይሰጣሉ። 40 የሚባለውም በሥራ ላይ 36 ነው። ምን ያህል እንደሚያሠራህ ለማወቅ ቮልቱን ባትሪው ላይ Ah ተብሎ በሚጻፈው በአምፔር ሰዓቱ አባዛው። 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ነው። 36 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት 180። ሁለተኛው እጥፍ ምግብ ይዟል። ግን ለ25 ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ ከሆነ የሚያወጣው በረዶ የ15ቱን ሦስት እጥፍ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ትርፉ የት ሄደ?

ብርዱ ደግሞ ከዚህ ላይ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ደባርቅ ላይ ጣሪያ ልንሠራ ሄደን ባትሪዎቹን መኪና ውስጥ አሳደርናቸው። ጠዋት ስንነሳ ሳሩን አመዳይ አልብሶታል። ሙሉ ቻርጅ ያደረግኩት ባትሪ አሥር ብሎን ሳያስገባ ደከመ። ረዳቴ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር፤ ጸሐይ ላይ አስቀምጠነው ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ነፍስ ዘራ። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ስለሚያዘግም ኃይሉን መስጠት ያቅተዋል። የደባርቅ ብርድ ያን ካደረገው፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚወርደው የሚኒሶታ ጥር ምን ሊያደርገው ነው? ስለዚህ ባትሪው ከኮት ውስጥ፣ ከደረት ጋር ይሂድ፤ ድሪሉ ላይ የሚገባው ለመብሳት ሲፈለግ ብቻ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ባትሪው ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ አይደረግ። በዚያ ሁኔታ ሊቲየሙ ወደ ቦታው በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ ያ ጉዳት ደግሞ አይመለስም፣ አደገኛም ነው። ቤት አስገብቶ፣ ሙቀቱ እስኪመለስ ጠብቆ፣ ከዚያ ቻርጅ።

በዚህ አጋጣሚ ለጎንደር ሰው ልናገር። ዘመድ ከአሜሪካ የባትሪ ድሪል ሲልክላችሁ ቻርጀሩን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ከ100 እስከ 240 ካላለ በቀር ይቃጠላል፤ ወርክሾፔ ውስጥ ሦስት የተቃጠሉ ቻርጀሮች አሉ፣ ሦስቱም አዲስ ነበሩ። የበረዶ ኦገርም ለአጥር ጉድጓድ ይሆነናል ብላችሁ አታስመጡ። ስለቱ የተሳለው ለበረዶ ነው፣ የኛ መሬት ድንጋይ የመጀመሪያው ቀን ይጨርሰዋል። ለአፈር የሚሆነው ኦገር ሌላ ነው፣ ጫፉም ወፍራም ነው።

ስለቱን ካነሳሁ አይቀር፦ ሁለት ዓይነት ነው። ልሙጡ ንጹሕ በረዶን ሲልግ ለስላሳ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል። ጥርስ ያለው፣ እንደ ማጭድ ያለው፣ በረዶውን ይሰባብራል፤ ትናንት ተበስቶ እንደገና የረጋ ቀዳዳ ለመክፈትና አሸዋ ለነካው በረዶ ይህ ይሻላል። ልሙጡ ያረጀ ቀዳዳ ላይ ሲገባ ይነክስና ይቆማል፣ የእጅ አንጓው ጣጣም እዚያ ይመጣል።

የቤንዚኑን ለምን አላልኩም? በጣም ሰፊ ቀዳዳ ቀኑን ሙሉ ለሚበሳ ሰው ዛሬም ይጠቅማል። ብዙዎቹ ግን በረዶ ላይ ድንኳን ተክለው ውስጡ ነው የሚያጠምዱት። ዝግ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደደ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን፤ የቤንዚን ጭስም ያው ነው። ባትሪ ጭስ የለውም።

በረዶው ራሱ ማንንም ሰው ይችላል ማለት እንዳልሆነም ነገርኩት፣ እሱ ከኔ ይልቅ ያውቀዋል። በሚኒሶታ ለእግረኛ የሚመከረው ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ በረዶ ነው። ነጭ፣ አየር የገባበት በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ያህል ስለሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ኦገር ስለዚህ ዓሣ ከማጥመዱ በፊት መለኪያም ነው፤ እየሄዱ፣ እየበሱ፣ እያዩ ነው የሚገፉት።

ባለ 15 ሴንቲ ሜትሩን ገዛ። ሲሞክረው በቪዲዮ አሳየኝ። ስለቱ ሲገባ ድምፁ ፉጨት የመሰለ ነበር፤ ፍቅፋቂው እንደ ጥጥ እየነጣ ዙሪያውን ከመረ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፣ ወፈረ። «አሁን ውኃ ነካህ» አልኩት፣ ገና ሳይታይ። ኦገሩን እያዞረ ሲያወጣው ጥቁር ውኃ እስከ በረዶው አፍ ድረስ ሞላና ቆመ፤ እሱም ባትሪውን ነቅሎ ኮቱ ውስጥ ከተተው።