የዘመኗ ዕቃ ምንድን ነው?

አንድ የድሮ የጣሊያን የውድድር ሳይክል ፍሬም እጃችሁ ገባ እንበል። ቱቦው ኮሎምበስ የሚባለው የጣሊያን ቱቦ ሠሪ ነው የሠራው። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጧል። የኋላው ጎማ የሚገባበት ብረት ላይ «ካምፓኞሎ» የሚል የጣሊያን የሳይክል ዕቃ ሠሪ ስም ተቀርጿል። ሌላው ሁሉ ተፈትቶ ሄዷል። ምን ትገጥሙባታላችሁ?

አብዛኛው ሰው ቶሎ ብሎ «ሙሉ ካምፓኞሎ!» ይላል። ብዙ ቆንጆ ሳይክል የተበላሸው በዚህ መልስ ነው።

የዘመኗ ዕቃ ማለት ሳይክሏ አዲስ በነበረች ጊዜ አንድ የሚላኖ ሜካኒክ ከመደርደሪያው አንስቶ ሊገጥምላት ይችል የነበረ ዕቃ ነው። «ኦሪጅናል» ከሚባለው ይለያል። ኦሪጅናል ማለት መጀመሪያ ቀን የተገጠመባት ያው ዕቃ ነው። ለውድድር ሳይክል ደግሞ ይሄ ብዙ ጊዜ ትርጉም የለውም። ጥሩ ፍሬም ባዶውን ይሸጥ ነበር። ገዢው ፍሬኑን ከአንዱ፣ ኮርቻውን ከሌላው መርጦ ያስገጥማል። ስለዚህ የሚያዋጣው ጥያቄ «በዚያ ዓመት ምን ነበረ?» የሚለው ነው።

ሁለት ሳይክሎች ላሳያችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንዷ የ1965፣ ሌላዋ የ1974 ትሁን።

ቱሊዮ ካምፓኞሎ ድርጅቱን ቪቼንዛ ከተማ ውስጥ ያቋቋመው በ1933 ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማርሽ መቀየሪያውን የማይፈልግ ተወዳዳሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። የራሱን ፍሬን ግን እስከ 1968 ድረስ አላወጣም። በ1965 ሳይክል ላይ የካምፓኞሎ ፍሬን ከታየ ገና ያልተወለደ ዕቃ ተገጥሟል ማለት ነው። በዚያ ዓመት ትክክለኛው ኡኒቨርሳል የሚባለው የጣሊያን ፍሬን ነው። የፈረንሳዩ ማፋክም ያስኬዳል። መሪውና መሪውን የሚይዘው አንገት ቺኔሊ፣ ሰንሰለቱና የኋላው ጥርስ ሬጂና፣ ቸርኬው ኒሲ ወይም ፊያሜ ይሆናሉ። «ሙሉ ካምፓኞሎ» በ1965 የሚባል ነገር አልነበረም። ይሄን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

ወደ 1974ቷ እንምጣ። እዚህ ኑኦቮ ሬኮርድ የሚባለው የካምፓኞሎ ዕቃ ቤቱ ነው። ቤልጂየማዊው ተወዳዳሪ ኤዲ መርክስ ድል በድል የሆነው በዚህ ዕቃ ነው። ፍሬኑም አሁን የካምፓኞሎ ሊሆን ይችላል። ውድ ስለነበር ግን ብዙ ሰው በኡኒቨርሳል ቀጥሏል፤ እሱም የዘመኗ ነው። መሪ፣ ሰንሰለትና ቸርኬ አሁንም ከሌሎች ቤቶች ይመጣሉ። እግር የሚያስረው ጠፍር ላይ አልፍሬዶ ቢንዳ የሚል ስም ካገኛችሁ አትልቀቁት። ቢንዳ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ጂሮ ዲታሊያ የሚባለውን ትልቁን የጣሊያን የሳይክል ውድድር አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው፤ ጠፍሩ በስሙ ነው የተሠራው።

ስለ እነዚህ ዕቃዎች በአማርኛ ማውራት ደስ ይለኛል። ቃሉ አብሮን ነው የኖረው። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። እኛ ካምቢዮ የምንለው የመኪናውን ነው፤ የጣሊያን ሳይክለኛ ደግሞ የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ካምቢዮ ይለዋል። ጎማውን ከቸርኬው ጋር የሚያጣብቁበትንም ማስቲሽ «ማስቲቼ» ነው የሚሉት።

ዓመቱን እንዴት እናውቃለን? ዕቃው ራሱ ይናገራል። የኑኦቮ ሬኮርድን ካምቢዮ በእጃችሁ ያዙና በብርሃን አዙሩት። ፓተንት የሚለው ጽሑፍ አጠገብ ሁለት አሃዝ አለ። 74 ከሆነ 1974 አካባቢ ነው ማለት ነው። ከ1970 ገደማ በፊት የተሠሩት ላይ ጽሑፉ ብቻ እንጂ ዓመት የለም። የፔዳሉን ክንድ ደግሞ ከጀርባው እዩት። ዳይመንድ መሳይ ምልክት ውስጥ 4 ካለ የ1974 ነው። ክንዱ በቅባትና በአቧራ ስለሚሸፈን በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ቁጥሩ ብቅ ሲል ያለው ደስታ ልዩ ነው። ከፍሬሙ ጋር አንድ ሁለት ዓመት ቢለያይ ምንም አይደለም። የ1974 ፍሬም የ1976 ካምቢዮ ብትይዝ ማንም አይከሳችሁም። ተወዳዳሪ ሰው ዕቃ ይሰብራል፣ ይቀይራል። አሥር ዓመት ከሆነ ግን ዓይን ይወጋል።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ፍሬሙን ለኩ። ይሄን ደግሜ እላለሁ፤ ለኩ። የኋላው ጎማ የሚገባበት ስፋት 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከኋላ ባለ አምስት ማርሽ ዘመን ነው። 126 ከሆነ ባለ ስድስትና ባለ ሰባት ማርሽ ነው። 130 የኋላ ዘመን ነው። ፔዳሉ የሚዞርበት ቤት የጣሊያን ከሆነ ስፋቱ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእንግሊዙ 68 ነው። የእንግሊዙ ዕቃ ቀጠን ስለሚል ጣሊያኑ ቤት ውስጥ ጥርሱ አይያዝም። ሌላም ነገር አለ። በጣሊያኑ ቤት የግራውም የቀኙም ብሎን በአንድ አቅጣጫ ነው የሚጠብቀው። በዚህ ምክንያት የቀኙ ስትነዱ ይላላል፤ በደንብ ጠበቅ መደረግ አለበት። የቺኔሊ መሪ መያዣው ላይ ውፍረቱ 26.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎቹ ብዙ ጊዜ 26.0 ነው። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ግን በግድ ከተጋቡ አንገቱ ይሰነጠቃል ወይም መሪው ይዞራል።

ሁሉም ነገር የጣሊያን ይሁን የሚለውን አልቀበልም። በዚያ ዘመን ጎበዝ የተባሉት ተወዳዳሪዎች የካምፓኞሎን ካምቢዮ በፈረንሳዩ ሲምፕሌክስ ማንሻ ይቀይሩ ነበር፤ እጅ ላይ ስለሚለሰልስ። ሜካኒኮች ክብደት ለመቀነስ ጥርሱንና የፍሬኑን ማንሻ በመሰርሰሪያ ይበሱ ነበር። የፍሬም ሠሪውን ስም በፊተኛው ጥርስና በመሪው አንገት ላይ ቀርጾ ቀለም መሙላትም የዚያ ጊዜ የጣሊያን ፋሽን ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ካጋጠማችሁ «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትለፉት። አዲስ ቀዳዳ ግን እናንተ አትብሱ፤ ፍሬሙ ላይም ምንም አታስበይዱ። የ1974 ፍሬም የውኃ ጠርሙስ መያዣ ብሎን ከሌላት በቀለበት ይታሰርላት። በዚያ ጊዜም እንዲያ ነበር።

የሚያስቸግረው ዳገት ነው። የያኔ ተወዳዳሪ ከፊት 52 እና 42፣ ከኋላ ከ13 እስከ 21 ጥርስ ይዞ አልፕስን ይወጣ ነበር። ለእኛ ጉልበት ይከብዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካምፓኞሎ የፊቱ ጥርስ የሚታሰርበትን ክብ ከ151 ወደ 144 ሚሊ ሜትር ያጠበበው ከ44 ያነሰ ጥርስ እንዲገባ ነው። ከ1974ቷ ጋር 42ን ያዙና ከኋላ 26 ጥርስ ያለው ሬጂና ፈልጉ። ካምቢዮው ይችለዋል፤ ዘመኑም አይጣስም። ከ1997 ጀምሮ ቶስካና ውስጥ ከጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የሚነሳው ሌሮይካ በድሮ ሳይክል ብቻ የሚነዳ ጉዞ ነው። ማርሹ ፍሬሙ ላይ ባለ ማንሻ መቀየር አለበት፤ ፔዳሉም ጠፍር ያለው መሆን አለበት። እዚያ ነጩን የኮረት ዳገት ሲያዩ 26 ባገኘሁ የማይል የለም።

ጎማ፣ የፍሬን ሽቦ፣ የፍሬን ላስቲክና ሰንሰለት አዲስ ይሁኑ። ሃምሳ ዓመት በቆየ ጎማ ማንም አይነዳም። የፍሬን ማንሻው ላይ የሚለበሰው ላስቲክም ደርቆ ይፈርሳልና በድሮው መልክ የተሠራ አዲስ መግዛት ነውር አይደለም።

የቀኙን ፔዳል ክንድ ከመግጠማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። ክንዱ ከአምስቱ ቅርንጫፎች ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ጠርጉና በአጉሊ መነጽር እዩት። የኑኦቮ ሬኮርድ ክንድ የሚሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው። ፀጉር የመሰለች ጥቁር መስመር ካያችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት እንጂ አትንዱበት።