ዶስን ሳይጭኑ ለዶስ መክፈል

ማይክሮሶፍት ከኮምፒውተር አምራቾች ጋር ይዋዋልበት የነበረው «በፕሮሰሰር (በኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ልክ የሚከፈል ላይሰንስ» ሲባል የቴክኒክ ነገር ይመስላል። አይደለም፤ የሒሳብ ነገር ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ወደኋላ። ማይክሮሶፍት ኤምኤስ-ዶስን (በአጭሩ ዶስ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረውን ሥርዓተ ክወና) ከዜሮ አልጻፈውም። መነሻውን የሠራው ሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ውስጥ የነበረው ቲም ፓተርሰን ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ሙሉ መብቱን በ50 ሺህ ዶላር ገዛ። ለኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ግን መልሶ አልሸጠለትም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ሰጠው። ያውም ማይክሮሶፍት ለሌሎች አምራቾች እንዳይሰጥ የማይከለክል ፈቃድ። የአይቢኤምን ማሽን አስመስለው የሚሠሩ ኩባንያዎች ሲፈሉ፣ ሁሉም ዶስ ፍለጋ ማይክሮሶፍት ደጅ ቆሙ።

ግራ የሚያጋባው በፕሮሰሰር ልክ የሚከፈልበት ውል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምራቹ የሚከፍለው ዶስ በጫነባቸው ኮምፒውተሮች ቁጥር አይደለም። በውሉ የተጠቀሰውን ፕሮሰሰር ይዞ ለወጣ ኮምፒውተር ሁሉ ነው። 100 ኮምፒውተር ሸጠህ፣ 20ው ላይ የተፎካካሪውን ዲአር-ዶስ ጫንክ እንበል። ለማይክሮሶፍት የምትከፍለው የ100ውን ነው። ለ20ው ደግሞ የዲአር-ዶስን ሒሳብ ትጨምራለህ። ማን ሞኝ አለ? በእርግጥ ይህን ውል ለሚፈርም ዋጋው ይቀነስለት ነበር፤ ስለዚህ አምራቾቹ በግድ ብቻ ፈረሙ ማለት ይከብደኛል።

የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1994 ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ማይክሮሶፍትም እንዲህ ያለውን ውል ለመተው ተስማማ። ስምምነቱ የጸደቀው ኦገስት 1995 ነው፤ ዊንዶውስ 95 ገበያ ላይ በዋለበት ወር።